ለልጄ፣ ነርስነት ለጀመረው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አባትህ በጣም ሰላም ብሎሃል። እህትህ ጋውን ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ ለሰፈሩ ሁሉ አሳይታ ጨርሳለች።

ስልኩ ሁልጊዜ ይቆራረጥብናል። አንተም ወይ ዲዩቲ ላይ ነህ፣ ወይ ናይት አድረህ ተኝተሃል። ለዚህ ነው ልጽፍልህ የተነሳሁት። ባለፈው "እማ፣ ሥራው እንደተማርኩት አይደለም" ብለኸኝ ዝም አልክ። ዝምታህ አሳስቦኛል። እኔም ዕድሜዬን ዋርድ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት፤ ምን እንዳየህ ይገባኛል።

ነርሲንግ የመጀመሪያ ምርጫህ እንዳልነበረ አልረሳሁም። ሜዲስን ሞልተህ ነርሲንግ ሲደርስህ ምግብ አልበላ ብለህ ነበር። ጎረቤቱም "ነርስ ነው እንዴ የሚሆነው?" ሲል ሰምተሃል። አራት ዓመት ተምረህ፣ የመውጫ ፈተናውንና የብቃት ምዘናውን አልፈህ እንኳ ያ ቅሬታ ከውስጥህ ሙሉ በሙሉ እንዳልወጣ አውቃለሁ። በሽተኛው "ዶክተር" ብሎ ሲጠራህ ደስም ይልሃል፣ ይከፋሃልም። "ነርስህ ነኝ" በለው፣ ቀና ብለህ።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ነርስ ነበረች። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቤተሰቧ እንግሊዝ አገር በስደት ሳለ፣ ለንደን ባለው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች። የንጉሥ ልጅ ሆና የታመመ ሕፃን ማጠብና ማስታመም ነው የመረጠችው። ወደ አገሯ ተመልሳ ብዙም አልቆየች፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፣ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ሙያህን አሳንሶ የሚያወራህ ሰው ሲገጥምህ እሷን አስባት።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ሐኪሙ ራውንድ አድርጎ፣ በየአልጋው ዞሮ አይቶ፣ ትእዛዝ ጽፎ ይሄዳል። ሌሎች በሽተኞች አሉት፣ ኦፕሬሽን አለው። ቀንም ሌሊትም ታካሚው አጠገብ የሚቀረው ነርሱ ነው። ሰው እየደከመ ሲሄድ ቀድሞ ማየት ያለበትም እሱ ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢያቅትህ እንኳ ዓይንህን ከታካሚው ላይ አታንሳ።

ትንፋሽ ቁጠር። ስንት ቻርት ላይ፣ የታካሚው መዝገብ ላይ፣ 20፣ 20፣ 20 እየተባለ ተጽፎ አይቻለሁ መሰለህ። ክፍሉ ውስጥ የተኛው ሁሉ በደቂቃ 20 ጊዜ እኩል አይተነፍስም። ያ ቁጥር ሳይቆጠር የተጻፈ ነው። ሙቀት በቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል። ትንፋሽን ግን ቆሞ ማየት ይጠይቃል፣ ለዚህ ነው የሚዘለለው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 28፣ 30 ከደረሰ ሰውነቱ እየታገለ ነው። ብዙ ጊዜ ግፊቱ ገና ሳይወርድ ትንፋሹ ቀድሞ ይናገራል።

ሕፃናት ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ። ሳል ይዞት የመጣ ልጅ ከ2 ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ሸምድደኸዋል። ዋናው ነገር ሲያለቅስ አለመቁጠር ነው። እናቱ ታቅፋው ይረጋጋ፣ ልብሱን ከደረቱ ላይ ገለጥ አድርግና ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠር። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥረህ በሁለት አታባዛ።

ከኦፕሬሽን የወጣ ሰውም እንዲሁ ነው። ግፊቱ 110 በ70 ነው ብለህ አትዘናጋ። የልብ ምቱ መጀመሪያ 88 ከነበረ፣ ቆይቶ 104 ከሆነ፣ ከዚያ 120 ከገባ ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል። በተለይ ወጣት ከሆነ ግፊቱ የሚወርደው ዘግይቶ ነው። አንዱን ቁጥር ለብቻው አትይ፣ ከቅድሙ ጋር አስተያየው። እጁን ንካው። ቀዝቅዟል? አልቦታል? ቅድም ሲያወራህ የነበረው ሰው አሁን ተቁነጥንጧል? ይሄንን የሚነግርህ ማሽን የለም።

ጉሉኮስም መስቀል ብቻ አይደለም። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ከተባለ፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሆንበት መስመር በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ሰዓትህን ይዘህ ቁጠረው። ከዚያ ተመልሰህ እየው፣ ምክንያቱም አስታማሚው "ቶሎ ይለቅ" ብሎ መቆጣጠሪያዋን ከፍ ያደርጋታል። ክፋት ኖሮት ሳይሆን የሚጠቅም መስሎት ነው። ልቡ የደከመ አዛውንት ወይም ትንሽ ልጅ ላይ ያ ሁሉ ፈሳሽ በአንዴ ሲገባ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። አትቆጣ፣ አስረዳው። ፖታሲየም ክሎራይድ እጅህ ሲገባ ደግሞ ቆም በል። ሳይበረዝ በደም ስር ከተገፋ ልብ ያቆማል። ብልቃጡን ስታነሳ አንብብ፣ ከመስጠትህ በፊት ደግመህ አንብብ። ተቸኩያለሁ አትበል።

ያየኸውን ነገር ደግሞ ተናገር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሐኪም መቀስቀስ እንደሚያስፈራህ አውቃለሁ። ገና አዲስ ነህ፣ ይቆጡኛል ትላለህ። ይቆጡ። "ሰውየው አላማረኝም" ብቻ ብለህ ግን አትደውል። ስሙን፣ የአልጋ ቁጥሩን፣ ምቱ ከስንት ወደ ስንት እንደሄደ፣ ትንፋሹ ስንት እንደሆነ፣ እስካሁን ምን እንዳደረግክ ተናገርና "መጥተህ እየው" በለው። ካልመጣ ድገምና ደውል። አሁንም ካልመጣ ከእሱ በላይ ላለው ደውል። የደወልክበትን ሰዓት ቻርቱ ላይ ጻፍ።

ልብህን ስለሚሰብረው ነገር ልምጣ። ማዘዣ ወረቀት ይዘህ "ይሄ እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዙ" የምትለው አንተ ነህ። የጤና መድህን ደብተሩን የያዘው ገበሬ "ከፍያለሁ እኮ" ብሎ ዓይንህን ሲያይህ መልስ የለህም። መድኃኒቱን ያጠፋኸው አንተ አይደለህም። ግን ፊቱ ላይ ያለኸው አንተ ስለሆንክ ንዴቱ አንተ ላይ ይወርዳል። ተቀበለው፣ መልሰህ አትጩህበት። ከዚያ የምትችለውን አድርግ። በሌላ የሚተካ መኖሩን ሐኪሙን ጠይቅ፣ ፋርማሲውን ጠይቅ፣ ሶሻል ወርከር ካለ አገናኘው።

ፀበል ልሂድ የሚልህም ብዙ ነው። አትከራከረው፣ እምነቱንም አታንቋሽሽበት። "ሂድ፣ ግን መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ" በለው። የቲቢ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ተመልሶ ሲመጣ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊሆን ይችላል። ብትሰድበው ግን ጭራሽ አይመለስም።

ሞት አለ። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። ኮሪደር ላይ ቆማ "ልጄ እንዴት አደረ?" የምትልህ እናት ናት ያለችው። ለብቻዋ ሆና አትስማ። ከዘመዶቿ በዕድሜ የበሰለውን፣ ጠንከር ያለውን ፈልግ። ወንበር አምጣላት፣ ሐኪሙ ሲነግራት አጠገቧ ቁም። ሬሳውን ስታስተካክል በክብር አድርገው፤ ዓይኑን ክደን፣ ያደፈውን ጥረግ፣ ቤተሰቡ ሲገባ ሰው ሆኖ ያግኙት። ከዚያ ቀጣዩ አልጋ ላይ ሌላ ሰው ይጠብቅሃል። እጅህን ታጥበህ ትሄዳለህ። ይሄን ማንም ትምህርት ቤት አላስተማረህም፣ በስልክ ዝም ያልከውም ለዚህ ይመስለኛል።

ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚሉህን አትስማቸው። ያስለቀሰህን አልቅስ። ከዲዩቲ ወጥተህ ግን በርህን ዘግተህ ብቻህን አትቀመጥ። አብሮህ ካደረው ልጅ ጋር ቡና ጠጡና አውሩት። እኔም አለሁልህ። የበሽተኛ ስም ሳትጠራ የሆነውን ንገረኝ፣ እኔ ይገባኛል።

ስለ ራስህ ጤና ደግሞ አደራ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትህን ሦስቱንም ዙር ጨርስ። የወጋህበትን መርፌ ክዳኑን መልሰህ አትክደን፣ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ፣ የስለታም ቆሻሻ ሳጥኑ፣ ውስጥ ጣለው። ቢወጋህ ቦታውን በውሃና በሳሙና ታጠብ፣ አትጭመቀው፣ ወዲያው ተናገር። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጀመር አለበት፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። አፍረህ እንዳትደብቅ።

ገንዘቡ እንደማይበቃህ አውቃለሁ። ቤት ኪራይ አለ፣ የዲዩቲ ክፍያም ወር እያለፈው ይዘገያል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ አይተሃል። ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነው። ቀን ሕይወት እያዳነ ማታ የሚበላው የሚያሳስበው ሰው መኖር የለበትም። ፓርት ታይም የግል ክሊኒክ ልሥራ ብለኸኛል። ሥራ፣ ግን ናይት አድረህ በማግሥቱ አትግባ። እንቅልፍ ያጣ ዓይን የመድኃኒት ስም ያሳስታል። ሲቸግርህ እኛ አለን፣ ጠይቀን።

ጓደኞችህ ለኤን.ክሌክስ፣ ለአሜሪካው የነርስ ፈቃድ ፈተና፣ እያጠኑ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አንተም አሜሪካ መሄድ ብትፈልግ አልከለክልህም። የአክስትህ ልጅ እዚያ ሄዳ ሲ.ኤን.ኤ.፣ ማለትም ረዳት ነርስ፣ ሆና ጀምራ፣ እየሠራች ተምራ ነው አር.ኤን.፣ ፈቃድ ያላት ሙሉ ነርስ፣ የሆነችው። ቀላል አልነበረም። ብቻ እዚህ ያለህበትን ጊዜ እንደ መጠበቂያ አትቁጠረው። እዚህ በእጅህና በዓይንህ የለመድከው ሁሉ የትም ይዘኸው ትሄዳለህ።

መማርህን አታቁም። ሲ.ፒ.ዲ.ን፣ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያውን፣ ፈቃድ ለማሳደስ ብቻ የሚወሰድ ሥልጠና አድርገህ አትየው። ሁለት ዓመት ከሠራህ በኋላ የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ ማስተርስ ብትማር ደስ ይለኛል፤ ለአንተ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እስከዚያው ግን ዋርድህ ውስጥ ካሉት ትልቅ ሲስተር ተማር። ዲፕሎማ ብቻ ነው ያላቸው ብለኸኛል። ደም ስር የጠፋበትን ሕፃን መስመር ማን እንደሚያገኝለት ተመልከት። በር ላይ ቆመው "ይሄኛውን ቶሎ አስገቡት" ሲሉ ምን አይተው እንደሆነ ጠይቃቸው።

ሰከንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ገዝቼልሃለሁ። ሹሮና በርበሬው ውስጥ ጠቅልዬ ቅዳሜ በሚነሳው መኪና እልከዋለሁ፤ ስትቀበል ደውልልኝ። ስትደውል ደግሞ እነዚህን መልስልኝ። ናይት ላይ አንድ ነርስ ስንት አልጋ ነው የሚይዘው? ኦክስጅኑ መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? ሦስተኛውን ክትባት መቼ ነው የምትወስደው? ምሳህንስ የት ነው የምትበላው?

የምትወድህ እናትህ