አኻያና ፖፕላር፦ የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ሥራ

ዘንድሮ የባዮሎጂ ክበባችን ሁለት የዛፍ ወገኖችን ይዞ ከረመ፤ አኻያንና ፖፕላርን። በየሳምንቱ ርዕስ ከመቀያየር አንዱን ጉዳይ እስከ ጥግ መከታተል ይሻላል ብለን ነው። ጥያቄያችን አጭር ነበር። ከእነዚህ ዛፎች ማን ለማን ይቀርባል? ዲኤንኤያቸውስ ምን ይላል?

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በአብዛኛው ያለፈው በዓይን የሚታየውን በመመልከት ነው። አኻያ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ፖፕላር ወደ 30 ገደማ። የአኻያ እምቡጥ በአንድ ሽፋን ይጠቀለላል፤ የፖፕላር ግን ብዙ ተደራራቢ ሽፋኖች አሉት። የአኻያ አበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያመነጭ ንብ ይስባል። የፖፕላር አበባ ተንጠልጥሎ ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል። ተማሪዎቹ ይህን በሰንጠረዥ ሲያሰፍሩ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ከዚያ ቾሴኒያ መጣ። ይህ የምሥራቅ እስያ ዛፍ አበባው እንደ ፖፕላር ይንጠለጠላል፤ ብናኙንም የሚያደርስለት ነፋስ ነው። ስለዚህ ለብቻው አንድ ወገን ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ዲኤንኤው ሲነበብ ግን እዚያው አኻያዎቹ መሃል ተገኘ። የኤፍራጥስ ፖፕላር የሚባለውም አለ። ገና ወጣት ሳለ ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ አኻያ ነው ብሎ የሚምል አይጠፋም። ሲያድግ ግን ቅጠሉ ይሰፋል።

ልጆቹን ከሁሉ በላይ ያስገረማቸው ኮሽም ነው። ይህ እሾሃም ተክል ድሮ የሚመደበው በሌላ ቤተሰብ ውስጥ ነበር። የዲኤንኤ ጥናቶች ያንን ቤተሰብ በታተኑት፤ ኮሽምን ጨምሮ ብዙዎቹ አባላቱም ወደ አኻያ ቤተሰብ ገቡ። እኛም ለንጽጽር የሚሆን ራቅ ያለ ዘመድ ሲያስፈልገን የኮሽምን ወገን መረጥን።

በመሃል ዲኤንኤን በዓይናችን ለማየት ሞክረናል። የአኻያ ቅጠል ወቅጠን፣ በጨውና በፈሳሽ ሳሙና አሽተን፣ አጥልለን፣ በላዩ ቀዝቃዛ አልኮል በቀስታ አፈሰስን። ሳሙናው የሕዋሱን ሽፋን ያፈርሳል። ጨውና አልኮሉ ዲኤንኤው ከፈሳሹ ተለይቶ እንዲወጣ ያደርጋሉ። የአኻያ ቅጠል ለዚህ ሥራ ገር አይደለም። ታኒን ስላለው ጭማቂው ወዲያው ይጠቁራል። የወጡት ክሮችም ነጭ ሳይሆኑ ቡናማ ነበሩ፤ ፕሮቲንና ሌላም ነገር ተቀላቅሎባቸዋል። ቢሆንም በስንጥር ተጠቅልለው ሲወጡ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ።

ዲኤንኤ የተጻፈባቸውን አራት ፊደላት ማንበቢያ መሣሪያ ትምህርት ቤቱ የለውም። ደግነቱ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሳንገር እ.ኤ.አ. በ1977 የማንበቢያውን ዘዴ ካስተዋወቀ ወዲህ ከተነበበው ብዙው ጂንባንክ በተባለው የመረጃ ቋት ይከማቻል፤ ማንም በነጻ ያወርዳል። እኛም ከክሎሮፕላስት (በቅጠል ሕዋስ ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ከሚሠራውና የራሱ ዲኤንኤ ካለው ክፍል) አርቢሲኤልና ማትኬ የተባሉትን ጂኖች፣ ከኒውክለስ (ከሕዋሱ እምብርት) ደግሞ አይቲኤስ የተባለውን ክፍል ወሰድን። ኮምፒውተር ከመንካታችን በፊት በረጃጅም ወረቀት አትመን ግድግዳ ላይ አንዱን ከሌላው በታች አሰለፍናቸው። ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ ብቻ። ልዩነት ያለበትን ዓምድ በቀይ እስክሪብቶ ማክበብ የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሥራ ነበር። ፖፕላሮቹ አንድ ዓይነት ፊደል፣ አኻያዎቹ ሌላ የያዙበትን ቦታ ስታገኝ ማንም ሳይነግራት ትርጉሙ ገባት።

ከዚያ ሜጋ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር የዝምድና ዛፍ ሠራን። ፖፕላሮች በአንድ ቅርንጫፍ፣ አኻያዎች በሌላ፣ ኮሽም ከውጭ። እስከዚህ ጥሩ ነው። የአኻያው ቅርንጫፍ ውስጥ ስንገባ ግን ዝርያዎቹ አልለይ አሉ። የብዙዎቹ ክሎሮፕላስት ፊደል በፊደል አንድ ነው። ተማሪዎቹ አንድ ነገር ያበላሹ መስሏቸው ሥራውን ደጋገሙት። ያበላሹት ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት 71 የአኻያ ዝርያዎችን መርምሮ በክሎሮፕላስቱ ብቻ ተለይቶ የታወቀ አንድ ዝርያ ብቻ አግኝቷል። አንዱን የክሎሮፕላስት ዓይነት 53 ዝርያዎች ይጋሩት ነበር። አኻያዎች በቀላሉ ይዳቀላሉ። ግን መዳቀሉ ብቻውን አይበቃም፤ አንድ የተሻለ ክሎሮፕላስት ከዝርያ ዝርያ እየተሻገረ ሌሎቹን ሳይተካቸው አይቀርም የሚል ሐሳብ ተመራማሪዎቹ አቅርበዋል።

የዓመቱን ምርጥ ስብሰባ ያስገኘልን ጥቁር ፖፕላር ነው። በአይቲኤስ የሠራነው ዛፍ ከሰሜን አሜሪካው ፖፕላር ከኮተንውድ ጎን አስቀመጠው፤ መልኩም ከዚያው ጋር ይሄዳል። የክሎሮፕላስቱ ዛፍ ግን ወስዶ ከነጭ ፖፕላር ጋር አጣመረው። የትኛው ነው ትክክል? ክርክሩ ከሰዓታችን አልፎ ሄደ። አንዱ «አይቲኤስን እንመን» ይላል፤ ሌላዋ «ለምን ሲባል?» ትላለች። መፍቻው ያለው ውርሱ ላይ ነው። በፖፕላር ክሎሮፕላስት የሚመጣው ከእናት ነው፤ የኒውክለስ ዲኤንኤ ግን ከሁለቱም ወላጆች። በእናት በኩል ብቻ ዘር ቆጥሮ የአባትን ወገን እንደመርሳት ማለት ነው። ጥንት ከነጭ ፖፕላር መስመር የሆነች እናት ከሌላ መስመር ብናኝ ተቀብላ፣ ልጆቿም ከዚያው ከአባታቸው መስመር ጋር ደጋግመው ተዳቅለው ይመስላል። ኒውክለሱ የአባት ሆኖ ቀረ፤ ክሎሮፕላስቱ የእናት። ስለዚህ ሁለቱም ዛፎች እውነት ይናገራሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ጂን ታሪክ። እኔ ለተማሪዎቼ እንዲቀርላቸው የምፈልገው ይህን ነው። ዝምድና የሚያሳይ ሥዕል ባዩ ቁጥር «ከየትኛው ጂን ተሠራ?» ብለው ይጠይቁ።

ስለ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ስለ አንድ ተክል ዲኤንኤ በሙሉ፣ የያዝነው ጊዜ አጠረብን። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዛፎች ሁሉ መጀመሪያ ሙሉ ጂኖሙ የታተመው የፖፕላር መሆኑን፣ ከ45,000 በላይ ጂኖች እንደተቆጠሩበትም ተነጋግረናል። ፖፕላርና አኻያ ሳይለያዩ በፊት የጋራ ቅድመ አያታቸው ጂኖሙን በሙሉ አንድ ጊዜ አባዝቶታል፤ ምልክቱ ዛሬም በሁለቱም ላይ ይነበባል። ከመላው ጂኖም በሺዎች የሚቆጠሩ ቦታዎችን በአንዴ የሚያነቡት አዳዲስ ዘዴዎች በክሎሮፕላስት ያልተለዩትን አኻያዎች መለየት ጀምረዋል።

ለሚቀጥለው ዓመት የመረጥነው ጾታን ነው። በሁለቱም ወገኖች ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ጾታን የሚወስነው ክሮሞዞም ግን አንድ ቦታ ረግቶ አልተቀመጠም። በብዙ ፖፕላሮች 19ኛው ላይ፣ በአንዳንድ አኻያዎች 15ኛው ላይ፣ በሌላ አኻያ ደግሞ 7ኛው ላይ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሥራ በፖፕላር አንድ ጂን ሲሰናከል ሴቷ የወንድ አበባ እንደምታወጣ አሳይቷል። ከዚያ እንጀምራለን። ምዝገባው ለ9ኛ ክፍልም ክፍት ነው፤ ኮድ መጻፍ የሚችል ልጅ ካለ በተለይ ይምጣ።