ቴኒስ በ18 ዓመት አያበቃም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ዓለም አቀፍ የቴኒስ ውድድሮች አዘገጃጀት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። የታዳጊዎቹ ክፍል ጥሩ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉት እንዴት እንደሚወዳደሩ፣ ከጄ30 እስከ ጄ500 ያሉት ደረጃዎች ምን እንደሆኑ በደንብ ተብራርቷል። ያንገበገበኝ ቀጥሎ የመጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፕሮፌሽናል ያልሆነ ተጫዋች ከ18 ዓመቱ በኋላ ዓለም አቀፍ መድረክ የለውም ይላል።

የለውም? ታዲያ እኛ ማን ነን?

ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የማስተርስ፣ ማለትም በዕድሜ የተከፋፈሉ የአዋቂዎች ውድድሮች አሉት። ከ30 ዓመት ይጀምራል። ምድቡ በየአምስት ዓመቱ እየተከፈለ እስከ 90 እና ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ዕድሜ የሚቆጠረው ዓመቱ ሲያልቅ በሚሞላው ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ 50 የሚሞላው ሰው ገና ከመጀመሪያው ወር በ50ዎቹ ምድብ ይጫወታል። ውድድሮቹም ከኤምቲ100 እስከ ኤምቲ1000 ደረጃ አላቸው። ነጥብ ይያዛል፣ በየምድቡ የዓለም ደረጃ ይወጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. ዩክሬናዊው ሊዮኒድ ስታኒስላቭስኪ በ97 ዓመቱ ማዮርካ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ተጫውቷል። ዘጋቢያችሁ ይህን ለማወቅ የፌዴሬሽኑን ድረ ገጽ መክፈት ይበቃው ነበር። ያንን እንኳ አላደረገም።

ነገሩ የስም ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያለ ዘገባ የሚያነቡት የውድድር አዘጋጆችም ናቸው። አንድ ውድድር ላይ የእኔን ምድብ በዕድሜ ከታች ካለው ጋር ቀላቀሉት። ተመዝጋቢ ሲያንስ ይህ ያለ ነው፣ ይገባኛል። ግን ማንም አልነገረንም። ድልድሉ ሲለጠፍ ነው ያየነው። ጨዋታችን ደግሞ የታዳጊዎቹ እስኪያልቅ እየተገፋ መሽቶ ተጀመረ። ስጠይቅ፣ እናንተማ የምትጫወቱት ለጤናችሁ አይደል ተባልኩ። ለጤናዬ ብቻ ቢሆን ጠዋት ጠዋት ወክ እወጣ ነበር! እኔ የመጣሁት ለማሸነፍ ነው።

የ14 ዓመት ልጅ ከ18 ዓመት ወጣት ጋር መጋጠም እንደሌለበት ዘገባችሁ በትክክል አስረድቷል። በ60 እና በ70 መካከል ያለው ልዩነት ለምን አይታያችሁም? ጉልበትም ትከሻም በዚያ ዕድሜ በየዓመቱ ይለወጣል። ምድቡ በአምስት ዓመት የተከፈለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አርሙ። እርማቱም ዘገባው በወጣበት ገጽ ይውጣ፣ ማንም በማያየው ጥግ አይደለም። የሚቀጥለውን የማስተርስ ዓለም ሻምፒዮና ውጤትም ከታዳጊዎቹ ጎን አትሙልን።

አንድ የማስተርስ ተጫዋች