ረጅሙ ልጅ እጁን ሲዘረጋ፦ የቦክስ ክበባችን የ2017 ዘገባ

ከትምህርት ቤታችን መጋዘን ጀርባ ያለችውን የቦክስ ልምምድ ቦታ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ድሮ የተሰበሩ ዴስኮች የሚከመሩባት ናት። ዘንድሮ ጠበበችን። መስከረም ላይ 11 ልጆች ነበሩ፣ ግንቦት ላይ 26 ደረሱ፤ ከእነዚህ 9ኙ ሴቶች ናቸው። ቁጥሩን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ይሄ ክበብ ልጆቻችንን ድብድብ ያስተምራል» የተባለው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ወላጅ ቢሰጋ አልፈርድበትም። ግን አንድ ቀን ከሰዓት መጥታችሁ እዩን። በዓመቱ ውስጥ ከክበባችን ልጆች በድብድብ ተከሶ ዩኒት ሊደር ፊት የቀረበ አንድም የለም። ሴት ልጅና ቦክስ ምን አገናኛቸው ለምትሉም፣ የሴቶች ቦክስ እ.ኤ.አ. ከ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው።

ልምምዳችን ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነበር። ገመድ ዝላይ፣ እጅ ላይ ፋሻ መጠቅለል፣ አቋቋም፣ ጃብ (ከፊት ባለው እጅ ቀጥ ብሎ የሚሰነዘረው ፈጣን ቡጢ)፣ እንደገና ጃብ። እሱን አልዘረዝረውም።

ኅዳር ላይ ከከተማችን ወጣቶች ጋር የወዳጅነት ግጥሚያ አደረግን። 5 ልጆች አስገባን፣ 4ቱ በነጥብ ተሸነፉ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ሁሉንም ልጅ በአንድ መልክ ነበር ያሠለጠንኩት። እጅ ከፍ፣ አገጭ ዝቅ፣ ወደፊት። በ4 ጥንድ ጓንት ይህን ሁሉ ልጅ ስታሠለጥን ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ለመፈለግ ጊዜ አይተርፍህም፤ ግን ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ ልጆቹን ላሳምን አልቻልኩም፣ ራሴንም አላሳመንኩም።

በጣም ያሳዘነኝ ረጅሙ ልጃችን ነው። 11ኛ ክፍል ነው፣ በሰልፍ ላይ ከሁሉም በላይ ጭንቅላቱ የሚታየው። የሚወደው ማይክ ታይሰንን ነው። ስለዚህ እንደ ታይሰን ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት ጓንቱን ጉንጩ ላይ ለጥፎ፣ ራሱን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ ይገባል። ተጋጣሚው ከእሱ በአንድ ጭንቅላት ያጥር ነበር። እግዚአብሔር የሰጠውን ቁመት ልጁ ራሱ አጥፎ አስረከበው።

ከዚያ በኋላ የሚኒ ሚዲያ ክፍሉን ኮምፒውተር ለምነን የድሮ ግጥሚያዎች ማየት ጀመርን። መጀመሪያ የታይሰንን አየን። ታይሰን ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ገደማ ነው፣ ለከባድ ሚዛን አጭር የሚባል። ያ ጎንበስ ማለት፣ ያ መወዝወዝ የአጭር ሰው መፍትሔ ነው። የረጅሙን ሰው ጃብ ከሥሩ አልፎ ደረቱ ላይ መድረሻ መንገድ። ቀጥለን እ.ኤ.አ. በ1990 ቶኪዮ ላይ ከበስተር ዳግላስ ጋር የተጋጠመውን ከፈትኩላቸው። ታይሰን እስከዚያ ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ዳግላስ ረጅም ነው። ግራ እጁን እየዘረጋ፣ እየዘረጋ፣ እንዳይጠጋው አደረገውና በ10ኛው ዙር ዘረረው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ረጅሙ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ዳግላስን ነው የምመስለው» አለ። ደስ ብሎት አልነበረም የተናገረው። ጀግናውን የተቀማ ያህል ነበር ፊቱ።

ከሁሉም በላይ ያጨቃጨቃቸው ግን የሦስት ቦክሰኞች ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጆ ፍሬዘር መሐመድ አሊን አሸነፈው። በ1973 ጆርጅ ፎርማን ያንን ፍሬዘርን በ2 ዙር ውስጥ 6 ጊዜ መሬት ላይ ጣለው። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ደግሞ አሊ ፎርማንን በ8ኛው ዙር ዘረረው። በሒሳብ ካሰብከው አይገጥምም፣ ልጆቹም የተከራከሩት በዚህ ነው። መልሱ ያለው አካሄዳቸው ላይ ነው። አሊ ከምት የሚያመልጠው እጁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ በመለጠጥ ነበር፣ የፍሬዘር ግራ ሁክ፣ ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣው ቡጢ፣ ደግሞ እዚያው ድረስ ተከትሎ ይሄዳል፤ በ15ኛው ዙር የጣለውም በእሱ ነው። ፍሬዘር ግን ወደፊት የሚሄደው ዝቅ ብሎ ነው፤ ከፎርማን ጋር ሲሆን ከታች ወደ ላይ ከሚመጣው አፐርከት ጋር በፊቱ ተገናኘ። ፎርማን በበኩሉ ጉልበቱን ሳይቆጥብ የሚወረውር ሰው ነው። አሊ ገመዱን ተደግፎ፣ ክንዱን ከልሎ፣ እስኪደክመው አስወረወረውና በመጨረሻ ጨረሰው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «እንግዲህ ማን ከማን ይበልጣል?» ብላ ጠየቀች፣ የሚመልስላት ጠፋ።

ይህቺው ልጅ ግራኝ ናት። ኅዳር ላይ ያሸነፈችው አንዷ እሷ ነበረች። ቀኝ እጅ የሚቀናው ቦክሰኛ ግራ እግሩን ያስቀድማል፣ ግራኝ ቀኟን ታስቀድማለች፣ ስለዚህ የፊት እግራቸው ይጋጫል። የራሷን እግር ከተጋጣሚዋ እግር ውጪ ያስቀደመች እንደሆነ ግራ ቡጢዋ በመሐል ቀጥ ብሎ ይገባል። ያን ቀን ይህን የሚያውቅ ስላልነበረ አሸነፈች። መጋቢት ላይ ለግጥሚያ ስንመለስ ግን ተጋጣሚዋ ተዘጋጅታ መጣች። ከግራኟ ጠንካራ እጅ እየራቀች ዞረች፣ ቀጥ ያለ ቀኝ እየሰነዘረች 3ቱንም ዙር ወሰደችባት። ልጃችን አለቀሰች። ማክሰኞ ዕለት ከሁሉም ቀድማ መጥታ፣ ፋሻዋን ጠቅልላ፣ «ስትዞርብኝ እንዴት ነው መንገዷን የምዘጋባት?» አለችኝ።

አሁን ስለ አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስላለው የዓሣ ገበያ፣ ልንገራችሁ። የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሮጠን ወደ ሐይቁ ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እያራገፉ ነበር፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በተርታ ቆመው ይጠብቃሉ። ያሰብኩት የእግር ልምምድ ብቻ ነበር፤ ትንሽ ሠርተን፣ የዓሣ ሾርባ ጠጥተን ለመመለስ። ቦታ ስለተገኘ ግን በተከፈተ እጅ ትከሻ መንካት አጫወትኳቸው። መምታት የለም፣ መንካት ብቻ።

ረጅሙን ከአጭሩ ጋር አቆምኳቸው። አጭሩ ጓደኛው ነው፣ ዓመቱን ሙሉ እየገባ የሚነካው። ረጅሙን «ቀጥ በል፣ ግራህን ዘርጋ፣ አትጠጋው» አልኩት። ዘረጋ። አጭሩ አልደረሰበትም። ከግራ ሞከረ፣ ከቀኝ ሞከረ፣ አልሆነም። ረጅሙ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ አጭሩ አንድ ነገር አየ። ጠበቀ፣ ጃቡ ሲመለስ ተከትሎት ገባና ትከሻውን ነካው። ደግሞ ነካው። ሦስተኛም ነካው። ከዚያ ጨዋታውን አቁሞ ጓደኛውን ክንዱን ያዘውና «እጅህን ስትመልስ ወደ ወገብህ ትወርዳለች። እኔ በዚያ ነው የምገባው። ወደ ጉንጭህ መልሳት» አለው።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እ.ኤ.አ. በ1936 ጀርመናዊው ቦክሰኛ ማክስ ሽሜሊንግ እስከዚያ ያልተሸነፈውን አሜሪካዊ ጆ ሉዊስን በ12ኛው ዙር የዘረረው በዚሁ ስህተት ነው። የሉዊስን ፊልም አይቶ፣ ጃቡን ሲመልስ ግራ እጁ እንደሚወርድ ደርሶበት፣ ቀኙን በላዩ ላይ ላከው። ሽሜሊንግ ያየውን ለሉዊስ አልነገረውም፣ ማንስ ይነግራል? የኛ ልጅ ግን ማሸነፊያውን አውጥቶ ለሚያሸንፈው ሰው ሰጠው። ስለ ሽሜሊንግ አንድም ቀን አስተምሬያቸው አላውቅም። ድብድብ ታስተምራላችሁ ላላችሁን ወላጆች ያን ጠዋት ባሳያችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ረጅሙ ልጅ በነጥብ አሸነፈ። አጭሩ ጥጉ ላይ ውኃ ይዞ ቆሞ ግጥሚያው እስኪያልቅ «እጅህ! እጅህ!» ሲል ድምፁ ዘጋ።

ያልተሳካውንም ልናገር። ሦስት ልጆች ቤተሰብ ስለከለከላቸው ተዉ። አንድ ልጅ ፋሻ ሳይደርሰው ከረጢቱን መትቶ አንጓው ዞረና ሁለት ሳምንት አረፈ። ከረጢታችን ጨርቅና ሳጋቱራ የጠቀጠቅንበት ማዳበሪያ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተቀዶ ሦስት ጊዜ ሰፍተነዋል። የምንሰቅልበትን ሰንሰለት አንድ አባት ጋራዣቸው ውስጥ በነፃ ሠርተው ሰጥተውናል፣ እናመሰግናለን። የስፖርት ዕቃ ግዢ ሲመጣ ግን ኳስና ማሊያ ይገዛል፣ የኛ ዝርዝር ለሚቀጥለው ይባላል። አገራችን እስካሁን ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ ከሩጫ የመጡ ናቸው፣ ገንዘቡ ወደዚያ ቢያደላ ይገባኛል። ግን በግጥሚያ የሚያደርጉትን የራስ መከላከያ ተውሰን ነው የምናስገባቸው፣ ይሄ ልክ አይደለም። አዋቂ ወንዶች እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ያለ ራስ መከላከያ ተጋጥመዋል፤ ታዳጊ ግን ያለ እሱ አይገባም። የጠየቅነው 6 ጥንድ ጓንት፣ 6 የራስ መከላከያ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የጥርስ መከላከያና ፋሻ ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻችን ይህን ካነበባችሁ፣ አንድ ጥንድ ጓንት እንኳ ለኛ ብዙ ነው።

አጭሩ ልጅ አሁን ችግር ላይ ነው። የረጅሙ ግራ እጅ አልወርድ አለው። ከግንቦት ጀምሮ ሌላ መግቢያ እየፈለገ ነው፣ ባለፈው ሐሙስ አንድ ያገኘ መሰለኝ። እስካሁን ለማንም አልነገረም።