ለብቃት የማይመች ቅጽ፦ ስለ ትምህርት ዕቅድ ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ሀዋሳ

ለትምህርት ሚኒስቴር
የሥርዓተ ትምህርትና የሱፐርቪዥን ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዓመታዊና የዕለት ትምህርት ዕቅድ ቅጾች ከብቃት ተኮሩ ሥርዓተ ትምህርት ጋር እንዲጣጣሙ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

በሀዋሳ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍላችሁ፣ ጉዳዩ በትምህርት ቤታችን ስብሰባዎች ላይ በተደጋጋሚ ተነሥቶ ‘ከበላይ የመጣ ስለሆነ እኛ ልንለውጠው አንችልም’ በሚል መልስ ስለሚዘጋ ነው። የማቀርበው ነገር አንድ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጧል፣ መጻሕፍቱም ተለውጠዋል፤ መምህሩ በየቀኑ ሞልቶ የሚያስፈርመው የዕቅድ ቅጽ ግን የድሮው እንደ መሆኑ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሳይገባ በር ላይ ይመለሳል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ ፖሊሲ ሲተካ፣ እርከኑም ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃና አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ ሲደራጅ፣ ለእኛ ለመምህራን በየሥልጠናው የተነገረን ተማሪው ከሚያውቀው ብዛት ይልቅ በሚያውቀው ነገር ሠርቶ የሚያሳየው እንደሚበልጥ ነው። በጥልቀት ማሰብ፣ ችግር መፍታት፣ መተባበርና መግባባት ከርእሱ ጎን ለጎን የሚመጡ ጌጦች ሳይሆኑ የትምህርቱ ዓላማ እንደሆኑ ተምረናል፤ እኔም በዚህ አምኜ ከሥልጠናው ወጥቻለሁ። ሰኞ ጠዋት የጠበቀኝ ግን ያው ቅጽ ነበር።

የቅጹን መልክ ሳታውቁት አትቀሩም። ከላይ የመምህሩ ስም፣ ክፍል፣ ቀን፣ ምዕራፍ፣ ርእስና የመጽሐፉ ገጽ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ‘ከዚህ ትምህርት በኋላ ተማሪዎች’ ብሎ የሚጀምር የዓላማ መስመር አለ፤ ከሥሩ ማስተዋወቅ፣ ማቅረብ፣ ማረጋጋት (የተማሩትን ማጽናት) እና መገምገም የሚባሉ አራት ረድፎች፣ ለእያንዳንዳቸውም የደቂቃ፣ የመምህሩ ተግባርና የተማሪው ተግባር ዓምድ ይከተላሉ። በእኛ ትምህርት ቤት አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነውና አራቱ ረድፎች 5፣ 20፣ 10 እና 5 ደቂቃ ይደርሳቸዋል፤ በሰባት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ይህ ክፍፍል ሲነካ አላየሁም። በተማሪው ተግባር ዓምድ ደግሞ ‘ያዳምጣሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ’ ተብሎ ይሞላል፤ ርእሱ ቬክተር ቢሆን ትሪጎኖሜትሪ ቢሆን ለውጥ የለውም። ዓላማው ‘ሊለካ በሚችል ግስ’ ይጻፍ እየተባልን ግሶቹን የምንመርጠው ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ካወጡት የትምህርት ዓላማዎች ምደባ ነው፤ ምደባው ከማወቅ ተነሥቶ እስከ መመዘን የሚወጣ መሰላል ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ‘ሊለካ’ የሚችለው የታችኛው እርከን ብቻ ስለሆነ እኛ ከ‘ይገልጻሉ’ እና ከ‘ይዘረዝራሉ’ ወደ ላይ ብዙም አልወጣንም።

ይህን ቅጽ ለሁለት የክፍል ደረጃ፣ በሳምንት ለእያንዳንዳቸው አምስት ጊዜ እሞላለሁ። በ16 ሳምንት ሴሚስተር 160 ቅጽ ማለት ነው፤ አንዱ ሩብ ሰዓት ቢወስድ እንኳ 40 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ምን እንደምናደርግ በግልጽ ልናገር፦ በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ፒዲኤፍ አውርደን ስምና ቀን እንለውጣለን። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ የሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ስም ሳላጠፋ አስፈርሜ ማንም ሳያየው አልፏል፤ ፈራሚው ያያል ብዬ ስለማልሰጋም ብዙ አልደነገጥኩም። በ40 ሰዓት ግን በአንዱ ክፍሌ ያሉትን የ64 ተማሪዎች ሥራ በደንብ አንብቦ ግብረ መልስ መጻፍ ይቻል ነበር። (ለሁለተኛ ደረጃ ክፍል የተቀመጠው ልክ 40 ተማሪ መሆኑን ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ፤ ይህ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ እዚህ አልገባበትም።)

ዕቅድን በብቃት ዙሪያ ማዋቀር ምን እንደሚመስል የገባኝ ባለፈው ዓመት ነው። ስታትስቲክስና ፕሮባቢሊቲ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ በመሆኑ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ወይ በሁለት ቀን ይሮጣል ወይ ጨርሶ ይዘለላል። አንድ ወጣት ከትምህርት ቤት ሲወጣ በጋዜጣና በስልኩ በየቀኑ የሚገጥመው ሒሳብ ግን ይኸው ነው። ስለዚህ ምዕራፉን ወደ ኅዳር አመጣሁት፤ መጽሐፉን ከመክፈቴ በፊትም ‘ምዕራፉ ሲያልቅ ተማሪዬ ምን ሠርቶ ቢያሳየኝ ችሏል እላለሁ?’ ብዬ ጻፍኩ። መልሴ፣ ራሱ የሰበሰበውን መረጃ በሠንጠረዥና በግራፍ አደራጅቶ፣ አማካዩን፣ ሚዲያኑን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን ቁጥር) እና ሞዱን (በብዛት የሚደጋገመውን) አስልቶ፣ የትኛው ለየትኛው ውሳኔ እንደሚጠቅም በምክንያት የሚያስረዳ የሁለት ገጽ ሪፖርት የሚል ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹ በስምንት በስምንት ተቧድነው ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል ወረዱ፤ ከዓሣ ሻጮች ሚዛን ተውሰው የዓሣ ክብደት መዘገቡ። አንዱ ቡድን ዘጠኝ ዓሣ መዘነ፤ ስምንቱ ቆሮሶ፣ ዘጠነኛው አምባዛ ነበር። በግራም 280፣ 300፣ 310፣ 330፣ 340፣ 350፣ 360፣ 380 እና 2,850። አማካዩ 611 ግራም ግድም መጣ፤ ሚዲያኑ 340። ሰኞ ክፍል ውስጥ ሲያቀርቡ ከቡድኑ አንዲት ልጅ ‘ቲቸር፣ 611 ግራም የሚመዝን አንድም ዓሣ የለንም እኮ፤ ታዲያ ይህ ቁጥር የማን ነው?’ አለች። ሌላው አምባዛውን አውጥቶ አሰላና አማካዩ ወደ 331 መውረዱን አሳየ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ እኔን አልጠበቀም፤ ለሆቴል ዓሣ በቁጥር የሚገዛ ሰው የትኛውን ቁጥር ቢያይ ይሻለዋል፣ ሻጩስ የትኛውን ይናገራል፣ አምባዛን ከቆሮሶ ጋር አንድ ላይ መደመርስ መጀመሪያውኑ ልክ ነወይ ተባለ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክርክሩ በአማርኛና በሲዳምኛ ሄደ፤ ሪፖርቱ እንደገና በእንግሊዝኛ ተጻፈ። በዓመታዊ ዕቅዴ አራት ክፍለ ጊዜ የተመደበለት ክፍል ስምንት ፈጀ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሱፐርቪዥን ቡድን ትምህርት ቤታችንን ጎበኘ። የዕቅድ ደብተሬ ተመረመረ፤ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፉት አስተያየቶች ሦስት ነበሩ፦ ከዓመታዊ ዕቅዱ አራት ክፍለ ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ የመጽሐፉን ቅደም ተከተል አልጠበቀም፣ በሁለት ቀን ዕቅዶች የማረጋጋት ረድፍ ባዶ ነው። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ስምንት ሪፖርቶች ያነበበ የለም። ቡድኑን አልወቅስም፤ በእጃቸው የያዙት ቼክሊስት የሚጠይቀው ስለ ደብተሩ እንጂ ስለ ግድግዳው አልነበረም፤ እነሱም እንደ እኔ ሞልተው የሚያስረክቡት ቅጽ አላቸው። የእኔም ጉድለት ይጻፍ፦ አራቱ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜዎች የተወሰዱት ከመደበኛ ጎነ ብዙዎች ምዕራፍ ነው፤ ያ ምዕራፍ ተጨናንቆ አለቀ፤ የዓሣውንም ሥራ የሠራሁት በአንድ ክፍል ብቻ ነው። የጋራ ፈተና በሚሰጥበት ቦታ አንድ መምህር ብቻውን ምዕራፍ ማዘዋወሩ ለሌሎች ችግር እንደሚፈጥርም አልክድም። ቢሆንም ዕቅድ ማለት ገጽ መቁጠር እስከሆነ ድረስ፣ በዚያ ሰኞ የሆነው ነገር በየትኛውም ሰነድ ላይ መዘግየት ተብሎ ብቻ ይመዘገባል።

ብቃት በ40 ደቂቃ አይበስልም። አንድ ተማሪ የማይደርስበትን ከፍታ በትሪጎኖሜትሪ መለካት የሚችለው፣ ካርቶን፣ ክርና ማዕዘን መለኪያ ይዞ በሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ሥር ሁለትና ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ከታረመ በኋላ ነው፤ ይህም ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የዕቅዱ መሠረት ቀኑ ሳይሆን ምዕራፉ መሆን ይገባዋል። የምዕራፍ ዕቅዱ መጀመሪያ የሚጠበቀውን ሥራ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ሥራው የሚዳኝበትን መለኪያ፣ ለምሳሌ በእገዛ የለካ፣ ብቻውን የለካ፣ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ማስረዳት የቻለ ብሎ ይለያል፤ ከዚያ ወደዚህ ለመድረስ የትኞቹ ትምህርቶችና ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚያስፈልጉ ይወስናል፤ የመጽሐፉ ገጽ በመጨረሻ ይገባል። የዕለቱ ዕቅድ ደግሞ ከዚህ ተቀንሶ የሚወጣ አምስት መስመር ማስታወሻ ቢሆን ይበቃል፤ ከክፍሉ በኋላ መምህሩ ‘ዛሬ ያልገባቸው ይህ ነው፤ ነገ ከዚህ እጀምራለሁ’ ብሎ የሚጽፍበት ስድስተኛ መስመር ቢጨመርለት ከማረጋጋት ረድፍ የበለጠ ይሠራል።

ዓመታዊ ዕቅዱም የራሱ ችግር አለው። ዓመቱ ሳይጀመር እያንዳንዱ ሳምንት በርእስ ተሞልቶ እንዲገባ እንጠየቃለን። ነገር ግን እዚህ ሲዳማ ውስጥ የፍቼ ጫምባላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ) ቀን የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት የዘመን አቆጣጠር አዋቂ ሽማግሌዎች የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው ሲያስታውቁ ነው፤ በዓሉ በየዓመቱ በተለያየ ቀን ይውላልና በነሐሴ የተጻፈ ዕቅድ ሊያውቀው አይችልም። የመስከረም የምዝገባ መጓተት፣ የሞዴል ፈተና ቀናትና ድንገተኛ ስብሰባዎች ሲጨመሩ በወረቀት ላይ ያሉት ሳምንታት በክፍል ውስጥ እንደማይገኙ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም በየዓመቱ ያው ዕቅድ ይገባል፣ በየዓመቱም የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ይቀራሉ።

ጎረቤታችን ኬንያ ብቃት ተኮር ሥርዓተ ትምህርቷን በ2019 እ.ኤ.አ. ከታችኞቹ ክፍሎች ጀምራ በአገር አቀፍ ደረጃ ስትዘረጋ የሥራ ዕቅድ ቅጹንም አብራ ለውጣለች፤ በዚያ ቅጽ ላይ ትምህርቱ የሚነሣበት መሪ ጥያቄ የሚጻፍበት ዓምድና መምህሩ ከትምህርቱ በኋላ የታዘበውን የሚያሰፍርበት ሌላ ዓምድ አሉ፤ የተማሪው ሥራም ከሚጠበቀው በላይ፣ የሚጠበቀውን ያህል፣ ወደሚጠበቀው የቀረበና ከሚጠበቀው በታች ተብሎ በአራት ደረጃ ይታያል። እነዚህን ሁለት ዓምዶች ብንወስዳቸው እወዳለሁ። እንደ እነሱ ዓምድ ማብዛቱ ግን ይቅርብን፤ እዚያም ተሞልቶ የሚሸጥ ዕቅድ ገበያ አግኝቷል፤ ቅጽ ሲረዝም መምህር መገልበጡ በየትም አገር አይቀርም።

ስለ ምዘና በአጭሩ ልናገር። ተከታታይ ምዘና ብለን የምንጠራው በአብዛኛው ተከታታይ ፈተና ሆኗል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ምርጫ ብቻ ነው። ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ መሆናቸው በይፋ ተገልጿል። ምክንያቱ የዕቅድ ቅጽ ነው የሚል ሙግት የለኝም። ሆኖም እነዚህን ቁጥሮች ያየ ርእሰ መምህር ‘መጽሐፉን ጨርሱ’ እያለ ሲያዝዘን፣ መጽሐፉ ባለቀ ቁጥር ብዙ ተማሪ ከኋላችን እንደሚቀር ለማስረዳት የምናሳየው ሰነድ የለንም።

የምጠይቀው በቀጥታ ይህ ነው። የዕለት ዕቅድ ቅጹ ቀርቶ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ የምዕራፍ ዕቅድ ይተካው፤ የዕለቱ ሥራ በማስታወሻ ይያዝ። በእያንዳንዱ ሴሚስተር አንድ ሳምንት ባዶ ሆኖ በዓመታዊ ዕቅዱ ውስጥ እንዲቀመጥ ይፈቀድ፤ አንድ የትምህርት ክፍል በጋራ ተስማምቶ፣ ምክንያቱንም ጽፎ፣ የምዕራፍ ቅደም ተከተል ማዘዋወር እንዲችል መመሪያ ይውጣ። ሱፐርቫይዘር ወደ ክፍል ሲመጣ የመምህሩን ደብተር ከማየቱ በፊት በዕጣ ያነሣቸውን የአምስት ተማሪዎች ሥራ ያንብብ፤ ከሁሉ ይልቅ ይህ ነጥብ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ቼክሊስቱ ሳይለወጥ ቅጹ ቢለወጥ አዲሱንም እንገለብጠዋለን። ሙከራ የሚያስፈልግ ከሆነ ከተማችን ትመቻለች፤ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲና የሀዋሳ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እዚሁ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ተቀምጠን በየትምህርት ዓይነቱ አንድ የናሙና ምዕራፍ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ የሆንን መምህራን አለን።

የዓሣውና የምሰሶው ምዕራፎች ዕቅድ ከነመለኪያቸው በእጄ አሉ፤ ብትጠይቁኝ ከተማሪዎቹ ሪፖርት ቅጂ ጋር እልካለሁ። የሁለተኛውን ሴሚስተር ዕቅድ የምናስገባው በጥር መጨረሻ ስለሆነ ምላሻችሁ ከዚያ በፊት ቢደርሰን፣ ቢያንስ የትምህርት ክፍላችን አዲሱን ዕቅድ በየትኛው ቅጽ እንደሚጽፍ ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር
በሀዋሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር