ለልጄ፣ ስለዚያ አረንጓዴ ተራራ

የኔ ልጅ፣

ትናንት ደውለሽ «ሥዕሌን ኮፒ ነው አሉኝ፣ ቀደድኩት» ካልሽኝ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስልክ የምልሽ ጠፋኝ። ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ባለፈው ወር የላክሽልኝን የቻይናዊውን ሥዕል እንደገና አየሁት። የዣንግ ዳቺየንን። በፈረንጅ 1947 ሐር ላይ የሣለው፣ ተራራው ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነው። ከዋንግ ሺሜንግ እንደተቀዳ ርእሱ ራሱ ይናገራል። ዋንግ ሺሜንግ ዋናውን ሲሥል ዓመቱ 1113፣ ዕድሜው 18 ነበር። ካንቺ በአንድ ዓመት ያንሳል! ንጉሠ ነገሥቱ ህዊዞንግ ራሱ እያስተማረው፣ ግማሽ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ 12 ሜትር የሚረዝም ሥዕል ሠርቶ አቀረበለት። ንጉሡ ሥዕሉን የሰጠው ባለሥልጣን ይህን ጽፎ ባያስቀምጥልን ስለ ልጁ ምንም አናውቅም ነበር። ሥዕሉ ዛሬም ቤጂንግ፣ የቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ አለ።

እስኪ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። የልጁ ጥቅልል ነው፤ እየተፈታ ከቀኝ ወደ ግራ ይታያል፣ መንገድ የመሄድ ያህል። ዣንግ ያንን ሁሉ አገር አንስቶ አቆመው። የሱ ግድግዳ ላይ ቁልቁል የሚሰቀል ነው፤ ዓይንሽ መንገዱን ትቶ ዳገት ይጀምራል። ቀለሙ የጥንቱ ዓይነት ነው፣ ከተፈጨ የመዳብ ድንጋይ፣ ከአዙራይትና ከማላካይት የሚሠራው። ቀለሙንም ቢሆን ከአንድ ሥዕል ብቻ አልተማረውም። ከ1941 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ዱንሁዋንግ በሚባል የቻይና በረሃማ ቦታ ዋሻዎች ውስጥ የድሮ ቡድሂስቶችን የግድግዳ ሥዕል ሲገለብጥ ከረመ። ከ200 በላይ ገልብጧል። ያኔ ዕድሜው 40 አልፎ፣ ስሙም በአገሩ ገንኖ ነበር።

እኔም ታፔላ መጻፍ የተማርኩት ጋሼ የጻፉትን ፊደል ላዩ ላይ እየደገምኩ ነው። ስድስት ወር ሙሉ። አንድ ቀን አንዷን «ለ» አዩና «ይቺ ቀኝ እግሯ የኔ አይደለችም» አሉኝ። ያበላሸሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ሳቁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ዣንግ አጭበርባሪም ነበር። የጥንት ሠዓሊዎችን እያስመሰለ በእነሱ ስም ሸጧል። ቦስተን ያለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1957 የ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብሎ የገዛው ሥዕል የዣንግ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል። እጁ ያው እጅ ነው እኮ። እዚያ ራሱን ደበቀ፤ በ1947ቱ ግን የልጁንም ስም፣ የራሱንም አስቀመጠ። ይኼኛው በ2022 ሆንግ ኮንግ ላይ ወደ 47 ሚሊዮን ተሸጠ። የአሜሪካ ዶላር ነው፣ ብር እንዳይመስልሽ።

የቀደድሽው ካልተጣለ ለጥፊው። ከማን እንደወሰድሽ ከጀርባው ጻፊ፣ ከሥሩ ስምሽን አስቀምጪ። ኮፒ ላሉሽም ገልብጠሽ አሳያቸው።

ሐሙስ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው አለ። እናትሽ በሶ ልካልሻለች። እኔ ያንን ጠፍጣፋ ብሩሼን ጨምሬበታለሁ። ፀጉሩ ትንሽ ረግፏል፣ ግን ይሠራል።

አባትሽ