ከሞዴሉ በፊት ሴንሰሩን እንይ

ውድ የቡድናችን አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ።

የሚቀጥለው ውይይታችን ጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ዙሪያ እንዲሆን አስቤያለሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ማሽን ለርኒንጉ ነው። ሞዴሉ፣ ማለትም ከመረጃ ተምሮ የሚገምተው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ግን የሚያውቀው ሴንሰሩ የነገረውን ብቻ ነው።

መሣሪያው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። አልፎ የወጣውን ብርሃን ለክቶ የደሙን ኦክስጅን ያሰላል። ችግሩ፣ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታካሚዎችን አይቶ ነበር። መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያነብ፣ ደም ተቀድቶ በሚደረገው የደም ጋዝ ምርመራ ኦክስጅኑ ከ88 በመቶ በታች የተገኘው በጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ ጊዜ ነው። ሰውየው ኦክስጅን እያነሰው ስክሪኑ ደህና ነው ይላል ማለት ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ከፍታም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የጤነኛ ሰው ንባብም ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ዝቅ ይላል። በእነዚያ ከተሞች መረጃ የሠለጠነ ሞዴል እዚህ ዎርድ ቢገባ ደወሉ በከንቱ ይጮኻል። ነርሶቹም ሲሰለቻቸው ያጠፉታል፤ አይፈረድባቸውም።

ዎርድ የምትሠሩ፣ እባካችሁ የመለኪያውን ንባብና የደም ጋዙን ውጤት ከነሰዓቱ ጎን ለጎን መዝግቡ። የታካሚ ስም ግን አትላኩ። ኮድ የምትጽፉ ደግሞ የሞዴሉን ስህተት በቆዳ ቀለምና በከፍታ ለይታችሁ አምጡ። አማካይ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ አደራ።