ለመግዣ የተላከ ውክልና ውስጥ «መሸጥ» ምን ይሠራል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እኔ ወኪል ነኝ። ዓረብ አገር የምትሠራው ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እንድገዛላት ውክልና ልካልኛለች። ቅሬታዬ ሥልጣኑ አነሰኝ አይደለም፤ በዛብኝ ነው።

ወረቀቱ ላይ ስለ መግዛት የሚያወራው አንድ መስመር ነው። በቀረው እንድሸጥ፣ እንድለውጥ፣ በስጦታ እንድሰጥ፣ ለብድር በመያዣነት እንዳስይዝ፣ ካሻኝም በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እንድወክል ተፈቅዶልኛል። ዛሬ የገዛሁላትን ቤት ነገ መሸጥ እችላለሁ ማለት ነው። እኔ የወከልኩት ሰውም ይችላል። እህቴ ይህን አስባ አልፈረመችም። የጓደኛዋን ናሙና ወስዳ ስም ብቻ ነው የቀየረችው።

ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ይገባኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብ የመሳሰለውን። ከዚያ ያለፈው ተለይቶ መጻፍ አለበት። ሰውም አንድ ቃል እንዳይጎድል እየፈራ ሁሉንም ይደረድራል። ፍርሃቱ እውነት አለው። ወረቀቱ ቆንስላ ተፈርሞ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ውልና ማስረጃ መስኮት ላይ «ይሄ አልተጠቀሰም» ከተባለ እንደገና ከዜሮ ነው። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ደግሞ ቆንስላ ለመሄድ አሠሪዋን ማስፈቀድ አለባት። እሷ ስንት ጊዜ ትመላለስ?

ደላሎች አቋራጭ አላቸው። «ምን አደከማችሁ? በራስህ ስም ግዛው፤ ስትመጣ ታዞርላታለህ» አለኝ አንዱ። እኔ ባለትዳር ነኝ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳችን ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ካርታው ላይ ያለው ስም የእኔ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ባለቤት ብሎ የሚገምተው እኔን ነው። ብሞት ወይም ከባለቤቴ ጋር ብንለያይ፣ እህቴ በላቧ የተገዛው ቤት የሷ መሆኑን ፍርድ ቤት ቆማ ልታስረዳ ነው። ይህ ሁሉ ባይመጣ እንኳ ስም ሲዞር የቴምብር ቀረጡ ዳግመኛ ይከፈላል። ደላላው ያኔ ኮሚሽኑን በልቶ ጨርሷል።

ወረቀቱ ተሽሮ በጠባቡ ይጻፍ ስል እናቴ ቅር አላቸው። «እሷ ያመነችህን አንተ ራስህን ትጠራጠራለህ?» አሉኝ። እኔ ግን ነገ የገንዘብ ጥያቄ ቢነሳ «የተፈቀደልኝ ይሄ ብቻ ነበር» የምልበት ወረቀት እፈልጋለሁ። ብዙ ወንድማማች የተኳረፈው በሌብነት ብቻ አይደለም፤ ማን ምን እንደፈቀደ ባለመታወቁም ነው።

የመግዣ ውክልና ረጅም መሆን የለበትም። ምን ዓይነት ቤት፣ የት አካባቢ፣ እስከ ስንት ብር። ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት አጣርቶ፣ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ውሉን በእሷ ስም መፈረም። ክፍያውን ከሒሳቧ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ለሻጩ መስጠት። ካርታውን በስሟ ማዞር፣ ውሃና መብራቱን ማስተካከል፣ ቁልፍ መረከብ። እስከ መቼ እንደሚያገለግልም ቀን ቢቆረጥለት ጥሩ ነው። ሌላ ሰው መወከል የሚለው ግን ፈጽሞ አይግባ። ለሽያጭ ጊዜው ሲደርስ ራሷ ሌላ ትጽፋለች።

ጥያቄዬ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ውልና ማስረጃ ለምንለው ለሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። «ቤት ለመግዛት ብቻ» የሚል፣ ሁለታችሁም አስቀድማችሁ የተስማማችሁበት አንድ ናሙና አዘጋጁና በየቆንስላው መስኮት ይለጠፍ። ቆንስላ የፀደቀው እዚህ «ቃል ጎደለው» ተብሎ እንዳይመለስ ዋስትና ይኑረው። አሜሪካ ኖተሪ ፊት ፈርመው በክፍለ ግዛቱና በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አዙረው ኤምባሲያችን ለሚያደርሱትም ያው ናሙና ይጠቅማል። ዝግጅት ክፍሉም ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ጠይቆ መልሳቸውን ቢያወጣልን ብዙ ሰው ያነበዋል።

አንድ ወኪል፣ ከአዲስ አበባ